ቀልድ ነው ወይስ ዜና? የጋዜጣ ስላቅ እንዴት ይነበባል

የንባብ ትምህርት



ባለፉት ትምህርቶች የጋዜጣን ክፍሎች፣ ማለትም ዜናን፣ ርእሰ አንቀጽን፣ ማስታወቂያንና ደብዳቤን ለይተን ተመልክተናል። ዛሬ የምንማረው ስለ አንድ አስቸጋሪ ክፍል ነው። ይህ ክፍል የዜና ልብስ ለብሶ የሚወጣው የጋዜጣ ስላቅ ነው። አርእስት አለው፤ «ኮሚቴው ገለጸ»፣ «ኃላፊው አስታወቁ» ይላል፤ ነገር ግን የሚለው ነገር አልተደረገም። ጸሐፊው አንባቢውን ሊያስቅና ሊያሳስብ እንጂ ሊዋሽ አልተነሣም። ሆኖም ቀልዱን እንደ እውነት ይዞ የሚሄድ ሰው በየሀገሩና በየዘመኑ አይጠፋም።

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፦

ሀ. ዜናን፣ ስላቅንና ሐሰተኛ ወሬን ትለያላችሁ፤
ለ. ቀልድ እንዴት ተለውጦ ዜና እንደሚሆን በቅደም ተከተል ታስረዳላችሁ፤
ሐ. ለቤተሰብና ለጎረቤት ስታነቡና ስትተረጉሙ ምን መጠንቀቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

1. ጉዳዩ ለምን ይመለከተናል?

በጅቡቲ ከተማ ወሬ በአንድ ቋንቋ አይመጣም። «ላ ናሲዮን» የተባለው ጋዜጣ የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። የሀገሩ ራዲዮና ቴሌቪዥን በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በዐረብኛና በፈረንሳይኛ ይናገራሉ። እኛ ቤት ስንገባ የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። ስለዚህ አንድ ወሬ ከእኛ ማዕድ እስኪደርስ ድረስ ሁለትና ሦስት ቋንቋ አቋርጦ ይመጣል።

በመንገዱ ላይ ቃሉ ሊተረጎም ይችላል፤ የጸሐፊው ፈገግታ ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል። አንድ ፈረንሳዊ ከአርእስቱ ጀምሮ የሚስቅበትን ነገር እኛ ቃል በቃል ተርጉመን በቁም ነገር እናነበዋለን። በዚያ ላይ በብዙ ስደተኛ ቤተሰብ ውስጥ ፈረንሳይኛ ማንበብ የሚችለው ልጅ ነው። እናት ወረቀቱን ወይም ስልኩን ትዘረጋና «ልጄ፣ ምን ይላል?» ትላለች። ልጁ «እንዲህ ይላል» ካለ ነገሩ በቤቱ ውስጥ እውነት ሆኖ ያድራል። እንግዲህ ይህ ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚጠና አይደለም። በየቤታችሁ አንባቢዎቹ እናንተ ናችሁ።

2. አዳዲስ ቃላት

ዜና፦ በእርግጥ የሆነን ነገር ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ ብሎ የሚናገር ጽሑፍ።

ስላቅ፦ የሰውን ወይም የማኅበረሰብን ጉድለት በማጋነንና በማስመሰል እያሳቀ የሚነቅፍ ጽሑፍ።

ምጸት፦ የሚታሰበውን በተቃራኒው የመናገር ዘዴ። እጅግ የዘገየን ሰው «ምነው ቸኮልክ!» ብንለው ምጸት ነው።

ሐሰተኛ ወሬ፦ ሰው እንዲያምነው ተብሎ ሆን ተብሎ የተፈጠረ ውሸት።

አሉባልታ፦ ምንጩ ሳይታወቅ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ወሬ።

በስላቅና በሐሰተኛ ወሬ መካከል ያለውን ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙ። ሁለቱም ያልሆነን ነገር ይናገራሉ። የሐሰተኛ ወሬ ጸሐፊ ውሸቱ ሲታወቅበት ይከስራል። የስላቅ ጸሐፊ ግን የሚከስረው ውሸቱ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። አንባቢው ካልነቃ ቀልዱ አልሠራም ማለት ነው።

3. ስላቅ ለእኛ እንግዳ አይደለም

አማርኛ ተናጋሪ ሁለት ትርጉም ያለውን ንግግር ከልጅነቱ ያውቃል። ቅኔያችን ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ በላይ የሚታየው ትርጉም ነው፤ ወርቁ ከሥር የተሰወረው ነው። አንጥረኛ በሰም ቅርጽ ሠርቶ ወርቁን ሲያፈስበት ሰሙ ቀልጦ ይሄዳል፤ ወርቁ ይቀራል። የጋዜጣ ስላቅም እንዲሁ ነው። ሰሙ የተፈጠረው «ዜና» ነው፤ ወርቁ ደግሞ ጸሐፊው ሊነቅፈው የፈለገው እውነተኛ ጉድለት ነው። ስላቅን እንደ ዜና የሚያነብ ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን የጣለ ሰው ነው።

ከታሪካችን ሁለት ምሳሌ እንይ። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩት አለቃ ገብረ ሐና በሊቅነታቸውና በቀልዳቸው የታወቁ ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ የተነሣ ሰው ሁሉ የራሱን ቀልድ በእርሳቸው ስም ማውራት ስለለመደ፣ ዛሬ የትኛውን እርሳቸው እንደተናገሩት፣ የትኛው በኋላ እንደተጨመረ መለየት አስቸጋሪ ሆኗል። ከዚህ የምንማረው አለ፤ ቀልድ በታወቀ ሰው ስም ሲነገር ቶሎ እንደ ታሪክ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ምሳሌ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ድርሰት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ የታየ ሲሆን የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት እንደሆነ ይነገራል። ሰሙ የእንስሳት ጨዋታ ነበር፤ ወርቁ ግን የጊዜውን አስተዳደርና ሹማምንት የሚነካ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወርቁን አላጣውም፤ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ደራሲው ራሳቸውም በኋላ፣ ጣሊያን ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ተሰደው ለብዙ ዓመታት በማዳጋስካር ኖረዋል።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላም አዲስ አበባ ውስጥ በርካታ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ታትመዋል፤ ካርቱንና የስላቅ አምድም በብዙዎቹ ይገኝ ነበር። ስለዚህ «እኛ እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም» ማለት አንችልም። እናውቃለን። የምንሳሳተው ሰምና ወርቅ መኖሩን ባልጠበቅንበት ቦታ ሲመጣብን ነው።

4. የተሳሳቱት እነማን ናቸው?

አንዳንዱ «በጋዜጣ ቀልድ የሚታለለው ያልተማረ ሰው ነው» ይላል። የሚከተሉት ታሪኮች ይህ አባባል ትክክል አለመሆኑን ያሳያሉ።

ስፓጌቲ የሚያፈራው ዛፍ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1957 የእንግሊዝ ቢቢሲ ቴሌቪዥን «ፓኖራማ» በተባለው የቁም ነገር ዝግጅቱ አንድ አጭር ፊልም አሳየ። በስዊዘርላንድ ገበሬዎች ከዛፍ ላይ ስፓጌቲ እየለቀሙ ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ ይታይ ነበር። ብዙ ተመልካች ሳቀ። አንዳንዱ ግን ወደ ጣቢያው ደውሎ ዛፉን እንዴት መትከል እንደሚችል ጠየቀ። በዚያን ጊዜ ስፓጌቲ በእንግሊዝ ቤቶች ብዙ የሚታወቅ ምግብ አልነበረም። አዲስ አበባ ወይም ጅቡቲ ያደገ ልጅ ግን ስፓጌቲ ከዱቄት እንደሚሠራ ስለሚያውቅ በዚህ አይታለልም። ስለዚህ ሰው የሚታለለው በማያውቀው ነገር ነው። ሁላችንም ደግሞ የማናውቀው ነገር አለን።

የቤጂንጉ ጋዜጣ። አሜሪካ ውስጥ «ዘ አኒየን» (ሽንኩርት ማለት ነው) የሚባል የስላቅ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1988 ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ2002 ይህ ጋዜጣ «የአሜሪካ ምክር ቤት ጣሪያው የሚከፈትና የሚዘጋ አዲስ ሕንፃ ካልተሠራለት ዋና ከተማውን ለቅቆ እንደሚሄድ አስፈራራ» ብሎ ቀለደ። «ቤጂንግ ኢቭኒንግ ኒውስ» የተባለው የቻይና ጋዜጣ ይህን ተርጉሞ እንደ ዜና አወጣው። ስህተቱ ሲነገረው በመጀመሪያ አላምንም አለ፤ በኋላ ግን አመነ።

የባንግላዴሽና የኢራን። እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለት የባንግላዴሽ ጋዜጦች ከዚሁ ከ«ዘ አኒየን» የተገኘውን፣ ጨረቃን የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ ጉዞው የማስመሰል ሥራ እንደነበር አመነ የሚለውን ቀልድ እንደ ዜና አትመው በኋላ ይቅርታ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢራን ፋርስ የዜና ወኪል፣ በገጠር የሚኖሩ ነጭ አሜሪካውያን ከኦባማ ይልቅ የኢራኑን ፕሬዚዳንት አሕመዲነጃድን ይመርጣሉ የሚለውን ቀልድ አሠራጭቶ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ዓመት የቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ ጋዜጣ «ፒፕልስ ዴይሊ» በኢንተርኔት ገጹ፣ የሰሜን ኮሪያው መሪ ኪም ጆንግ ኡን የዓመቱ ማራኪ ወንድ ተብለው ተመረጡ የሚለውን ቀልድ ከ55 ፎቶግራፎች ጋር አቀረበ።

እነዚህ ሁሉ ጋዜጠኞች ነበሩ፤ ማንበብና ማጣራት ሥራቸው ነው። ታዲያ ለምን ተሳሳቱ? አንደኛ፣ ጽሑፉ ከቤቱ ወጥቶ ነው ያገኙት። «ዘ አኒየን» በሀገሩ የሚታወቅ ቀልደኛ ነው፤ ቤጂንግና ዳካ ሲደርስ ግን ማንም አያውቀውም። ሁለተኛ፣ ወሬው አንባቢው ሊሰማ የሚወደው ነበር። የኢራኑ የዜና ወኪል የሀገሩ መሪ በአሜሪካ ተወደደ ሲባል ለማመን ቸኮለ። የምንወደው ወሬ ማጣሪያውን ሳይነካ ያልፋል።

ፈረንሳይኛ በሚናገሩት ዘንድ። «ለ ጎራፊ» የሚባል የፈረንሳይ የስላቅ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ይወጣል። ስሙ «ለ ፊጋሮ» የሚባለውን እውነተኛ ጋዜጣ ፊደል አዟዙሮ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የቀድሞ ሚኒስትር ክሪስቲን ቡታን በቴሌቪዥን ቀርበው የዚህን ገጽ ቀልድ እንደ እውነት ጠቀሱ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1915 የተመሠረተው «ለ ካናር አንሼኔ» ቀልደኛ ጋዜጣ ቢሆንም ባለ ሥልጣናትን ያስደነገጡ እውነተኛ የምርመራ ዘገባዎችን ያወጣል። ስለዚህ «ይህ ጋዜጣ ያስቃል፤ እንግዲያው ሁሉም ውሸት ነው» ማለትም ስህተት ነው። የምንመረምረው እያንዳንዱን ጽሑፍ ነው።

የጎረቤታችን የኤርትራ ጉዳይ። ይህኛው ከሁሉም ለእኛ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 በኬንያ «ክሬዚ መንደይ» በሚባል የመዝናኛ ገጽ ላይ፣ የኤርትራ መንግሥት እያንዳንዱ ወንድ ሁለት ሚስት እንዲያገባ አዘዘ፤ እምቢ ያለ ይታሰራል የሚል ወሬ ወጣ። ምክንያቱ ከኢትዮጵያ ጋር በተደረገው ጦርነት ወንድ ስላለቀ ነው ተባለ። ወሬው በጥቂት ቀናት ውስጥ ናይጄሪያና ደቡብ አፍሪካ ደረሰ፤ ከአፍሪካም ውጭ ተነበበ። የሩቁ ሰው «ወደ አስመራ እንሂድ» እያለ ቀለደ፤ ብዙው ግን አመነው። የኤርትራ ባለ ሥልጣናት ፈጠራ ነው ብለው አስተባበሉ።

ይህ ወሬ እንዴት ሊታመን ቻለ? ውስጡ አንድ እውነተኛ ነገር ስለነበረበት ነው። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 በእርግጥ ተደርጓል፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አልቋል። ውሸቱ በዚያ እውነት ላይ ተፈናጥጦ ተጓዘ። እስቲ ደግሞ የሞተባትን ልጅ ወይም ባል የምታስታውስ እናት ይህን ስትሰማ ምን እንደሚሰማት አስቡ። ለሩቁ ሰው ሳቅ የሆነው ለቅርቡ ሰው ቁስል ነው።

5. ቀልድ እንዴት ዜና ይሆናል?

አሁን በራሳችን ምሳሌ እንሥራ። የሚከተለውን ጽሑፍ ለትምህርቱ የጻፍነው እኛ ነን። ስላቅ ነው፤ አንዳችም የሆነ ነገር የለበትም።

«የጥላ ጉዳይ ኮሚቴ ውሳኔ አሳለፈ

የከተማውን ሙቀት እንዲያጠና የተቋቋመው የጥላ ጉዳይ ኮሚቴ ትናንት ስድስት ሰዓት የፈጀ ስብሰባ ካደረገ በኋላ፣ በከተማው ሙቀት አለመኖሩን በሙሉ ድምፅ አረጋገጠ። ስብሰባው የተካሄደው አየር ማቀዝቀዣ ባለው አዳራሽ ሲሆን ሁለት አባላት ብርድ ስለመታቸው ካፖርት አስመጥተው ለብሰዋል። ሊቀ መንበሩ ሲናገሩ ሙቀት አለ የሚሉት ፀሐይ ላይ የሚቆሙ ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ገልጸዋል። ሆኖም ቅሬታ እንዳይኖር ትርፍ ሙቀቱ በጆንያ ተሞልቶ በባቡር ወደ ደብረ ብርሃን ይላካል፤ በምትኩ ብርድ ይመጣል። ለዚሁ ሥራ 40 ጫኝና አውራጅ በናጋድ ባቡር ጣቢያ ይቀጠራሉ። ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን በጥላ ይቀበላሉ።»

ሰሙ ግልጽ ነው። ወርቁስ? ችግሩ የማይነካው ሰው ስለ ችግሩ ሲወስን የሚሆነውን ያሳያል። በማቀዝቀዣ ክፍል ተቀምጦ ስለ ሙቀት መወሰን እንዲህ ያለ ነው።

አሁን ይህ ጽሑፍ ከወረቀቱ ወጥቶ ወደ ሰፈር ሲሄድ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ደረጃ በደረጃ እንከተል።

አንደኛው ሰው ሙሉውን አንብቦ ሳቀ። ሻይ ቤት ገብቶ ለጓደኞቹ አወራ።

ሁለተኛው ሰው ወሬውን ከመካከሉ ሰማ። ሙቀት በጆንያ መሞላቱ ስላልገባው ያንን ተወውና «ከደብረ ብርሃን ጋር በባቡር ዕቃ ሊለዋወጡ ነው፤ 40 ጫኝ ይፈልጋሉ» አለ።

ሦስተኛው ሰው ሥራ ፈላጊ ነው። ከሰማው ሁሉ የያዘው አንድ ነገር ነው፦ «ናጋድ 40 ሰው ይቀጠራል።»

አራተኛው ሰው ደላላ ነው። «ነገ ጠዋት ነው፤ ስም የሚመዘግበውን ሰው አውቀዋለሁ፤ ትንሽ ገንዘብ ብቻ ያስፈልጋል» አለ።

በነጋታው አንድ አባወራ የዕለት ሥራውን ትቶ፣ ያለችውን ፍራንክ ለደላላው ሰጥቶ፣ ሌሊት ተነሥቶ ናጋድ ደረሰ። የጣቢያው ዘበኛ ስለ ምን እንደሚያወራ አልገባውም። ሰውየው በዚያ ሙቀት ተመልሶ መጣ። የዚያን ቀን እራት አልነበረም።

አሁን ልብ በሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ሊዋሹ አላሰቡም። እያንዳንዱ ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማይታመነውን አስቀርቶ የሚታመነውን አሳለፈ። አንድ ቀልድ ሲተላለፍ ቶሎ የሚወድቀው ቀልድነቱን የሚያስታውቀው ክፍል ነው። የሚቀረው ሰው የሚመኘው ነገር ነው፤ ሥራ፣ ገንዘብ፣ ጉዞ። ስለዚህ ወሬ ሲደርሰን «ይህ ይታመናል ወይ?» ብለን ብቻ መጠየቅ አይበቃንም። የማይታመነው ክፍሉ በመንገድ ተቆርጦ ሊሆን ይችላልና «ሙሉው የት አለ?» ማለት ይኖርብናል።

በስደት ላይ ላለ ሰው ደግሞ ከሥራ ወሬ የበለጠ የሚያጓጓው ወደ ሦስተኛ ሀገር ስለመሄድ የሚወራው ነው። አንድ ቀልደኛ ስለዚህ ጉዳይ አንድ መስመር ቢጽፍ፣ መስመሩ ተቆርጦ በስልክ ሲዞር ፍራሹን የሚሸጥ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስወጣ ሊኖር ይችላል። እንግዲህ ይህን ሁሉም ቤተሰብ ይወቅ፦ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አገልግሎት በነጻ ነው። ስም ለማስመዝገብም ሆነ ጉዳይ ለማስፈጸም ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ ወሬው ከየትም ይምጣ፣ አትክፈሉ። እውነቱን ከኮሚሽኑ ወይም «ኦናርስ» ከሚባለው የጅቡቲ የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

6. አምስቱ ጥያቄዎች

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። ወሬም አባቱን ሲጠይቁት አጎቱን ይጠራል፤ «አንድ ጋዜጣ ላይ ነው»፣ «አንድ የማውቀው ሰው ነው የላከልኝ» ይላል። ስለዚህ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በደብተራችሁ ጻፉና ያዙ።

1ኛ. ቤቱ የት ነው? ጽሑፉ የወጣው በየትኛው ጋዜጣ፣ በየትኛው ገጽ፣ በየትኛው አምድ ሥር ነው? ቁራጭ ብቻ ከደረሳችሁ ሙሉውን ፈልጉ። የአምዱ ስም «ቀልድ»፣ «ሽሙጥ»፣ በፈረንሳይኛም «ኡሙር» ወይም «ሳቲር» የሚል ከሆነ ነገሩ አለቀ።

2ኛ. ቀኑ መቼ ነው? በአውሮፓ ኤፕሪል 1 ቀን ጋዜጦች ሳይቀሩ የሚቀልዱበት ቀን ነው። ፈረንሳዮች «ፑዋሶን ዳቭሪል»፣ ማለትም «የኤፕሪል ዓሣ» ይሉታል፤ ልጆች ከወረቀት የተቆረጠ ዓሣ በሰው ጀርባ ላይ ይለጥፋሉ። እዚህ ላይ እኛ በተለይ እንጠንቀቅ። ኤፕሪል 1 በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 23 ነው። ተርጓሚው ቀኑን ወደ ሀገራችን አቆጣጠር ከመለሰው ምልክቱ ይጠፋል። መጋቢት 23 ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንደ ማንኛውም ቀን ነውና።

3ኛ. ማን ተናገረው? እውነተኛ ዜና ስም፣ ማዕረግና መሥሪያ ቤት ይጠቅሳል፤ መሥሪያ ቤቱም ተፈልጎ ይገኛል። «የጥላ ጉዳይ ኮሚቴ» የሚባል መሥሪያ ቤት ግን የትም የለም።

4ኛ. ሌላስ ማን አወራው? ትልቅ ነገር ከሆነ አንድ ጋዜጣ ብቻውን አያወራውም። ነገር ግን አሥር ሰው ከአንድ ምንጭ ቀድቶ ቢያወራ ምንጩ አሁንም አንድ ነው። የኤርትራው ወሬ በብዙ ሀገር ቢነበብም ሁሉም የቀዱት ከዚያው ነበር።

5ኛ. እኔ ለምን ወደድኩት? ወሬው ካስደሰታችሁ፣ ካስቆጣችሁ ወይም ካስፈራችሁ ቆም በሉ። ከአምስቱ ሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚመረመረው ወረቀቱ ሳይሆን አንባቢው ራሱ ነው።

ከአምስቱ በኋላ ጽሑፉ ስላቅ መሆኑን ካወቃችሁ አትጣሉት። ስድስተኛ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ወርቁ ምንድን ነው?» በሉ። ጸሐፊው የትኛውን ጉድለት ሊያሳየን ፈልጎ ነው? ስላቅን እንደ ዜና ያነበበ ተሳስቷል፤ «ውሸት ነው» ብሎ ብቻ የጣለውም ግማሹን አላነበበም።

7. ለሰው ስታነቡና ሰው ስታርሙ

ለእናታችሁ፣ ለአያታችሁ ወይም ለጎረቤት ስታነቡ ከአርእስቱ በፊት የጋዜጣውንና የአምዱን ስም ተናገሩ። «እማዬ፣ ይህ የቀልድ አምድ ነው» ብላችሁ ጀምሩ። ያልገባችሁ ቃል ካለ ከራሳችሁ አትሙሉበት፤ «ይህ አልገባኝም፤ መምህሬን ልጠይቅ» በሉ። እንዲህ ማለት የሚያሳፍር አይደለም።

ቀልድን እንደ እውነት ያወራ ትልቅ ሰው ስታገኙ በሰው ፊት አትሳቁበት። «ጋሼ፣ እኔም መጀመሪያ እውነት መስሎኝ ነበር፤ ግን ወረቀቱን ሳየው የቀልድ ገጽ ሆኖ አገኘሁት» ብትሉት ይቀበላችኋል። ሰው የተሳሳተውን ወሬ አጥብቆ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ስላመነው ሳይሆን እንዳያፍር ነው። የቤጂንጉ ጋዜጣ እንኳ መጀመሪያ «አላምንም» ማለቱን አስታውሱ።

እናንተም አንድ ቀን በዚህ መጽሔታችን ላይ ስላቅ ለመጻፍ ትፈልጉ ይሆናል። ደስ ይለናል። ሁለት ነገር ግን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ቀልድ መሆኑ በራሱ በጽሑፉ ውስጥ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ይታወቅ። ተቆርጦ ቢወጣ ማንን ሊጎዳ እንደሚችል አስቡ። ሁለተኛ፣ በራሽን፣ በጉዞና በፈተና ውጤት አትቀልዱ። የተራበ ሰው የምግብን ወሬ እንደ ቀልድ ሊሰማ አይችልም።

8. መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን አርእስቶች አንብባችሁ ዜና ሊሆን የሚችለውንና ስላቅ የሆነውን ለዩ። ምክንያታችሁን ጻፉ።

1. ትምህርት ቤቱ የሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ፈተና በአንድ ሳምንት አራዘመ።
2. የከተማው ፍየሎች ካርቶን መብላት ሰልችቶናል በማለት የሥራ ማቆም አድማ መቱ።
3. የውኃ ቧንቧ ስለተሰበረ በአንድ ሰፈር ውኃ ለሁለት ቀን ይቋረጣል።
4. የስብሰባዎችን ብዛት ለመቀነስ የሚመክር ስብሰባ ለአሥረኛ ጊዜ ተጠራ።

ለ. የሚከተሉትን በአጭሩ መልሱ።

1. የስላቅ ጸሐፊና የሐሰተኛ ወሬ ጸሐፊ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. በምሳሌአችን ውስጥ ቀልዱ ወደ ሥራ ማስታወቂያ የተለወጠው በስንተኛው ሰው ላይ ነው? ምን ስለቀረ?
3. በኤርትራው ወሬ ውስጥ የነበረው እውነተኛ ነገር ምንድን ነው?

ሐ. የቤት ሥራ። በዚህ ሳምንት በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ የሰማችሁትን አንድ ወሬ ምረጡ። የሰው ስም ሳትጠቅሱ በአምስቱ ጥያቄዎች መርምሩትና ከግማሽ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ አቅርቡ።

የ«ሀ» መልስ፦ 1 እና 3 ዜና ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም ከሚመለከተው ክፍል መረጋገጥ አለባቸው። 2 ስላቅ ነው። 4 አከራካሪ ነው፤ ስላቅ ይመስላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ስብሰባ በእርግጥ ሊጠራ ስለሚችል በክፍል ተወያዩበት።

ተማሪዎች ሆይ፣ አባቶች «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ። መላ መጨመር ማለት በወሬው ላይ ሌላ ወሬ መጨመር አይደለም፤ አስቦ መቀበል ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ እናታችሁ ወረቀቱን ዘርግታ «ልጄ፣ ምን ይላል?» ስትላችሁ በመጀመሪያ ወረቀቱ ከየት እንደመጣ ተመልከቱ፤ ከዚያ አንብቡላት።